ያልታየው ባልና የልቦለዱ ማጽናኛ

በ19ኛው ምዕተ ዓመት በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ በጋዜጣ ማስታወቂያና በደብዳቤ ሚስት ይፈለግ ነበር። ከዚህ ታሪክ የተቀዱት የፍቅር ልቦለዶች ዛሬም አንባቢ አላቸው። መዋቅራቸው አንድ ነው፤ ብቸኛ ገበሬ ይጽፋል፤ ችግር ያሳደዳት ሴት ትመጣለች፤ ባዕድ ለባዕድ ይጋባሉ፤ ፍቅርም ከጋብቻ በኋላ ይበቅላል።

ነገሩ ለጎንደር አንባቢ እንግዳ አይደለም። በወገራና በሰሜን ደጋ ሽማግሌ ተልኮ፣ ወላጅ ከወላጅ ተስማምቶ፣ ሙሽራዪቱ በበቅሎ ወደማታውቀው ባል ቤት ስትሸኝ ኖራለች። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። የልቦለዱ ሙሽራ ደብዳቤውን በገዛ እጇ ትጽፋለች፤ የደጋዋን ልጃገረድ ዕጣ የጻፉት ሌሎች ናቸው። የእነዚህ መጻሕፍት ማራኪነትም እዚህ ላይ ነው፤ አንባቢን የሚያሞቀው ሠርጉ ሳይሆን የመምረጥ ተስፋው ነው። ጉድለታቸው ደግሞ ሴቲቱን ያሰደዳትን ድህነት ፍቅር በገባ ማግስት መርሳታቸው ነው።

የአማርኛ ልቦለድ ሁለቱንም መንገድ ያውቃል። በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በጋብቻ ደስታ ይፈጸማል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ግን ምርጫ የተነፈገ ፍቅር የሚከፍለውን ዋጋ ሳይሸሽግ ያሳያል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ ጋብቻ 15 ዓመትን ወስኖ ነበር፤ የ1995 ዓ.ም. የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ወደ 18 ከፍ አድርጎታል። ሕግ ዕድሜን ይደነግጋል፤ ነፃ ፈቃድ ምን እንደሚመስል በሕይወት መልክ የሚያሳየው ግን ኪነ ጥበብ ነው። ስለዚህ ደራሲያን ይህን ማጽናኛ ከመናቅ ይልቅ፣ የደጋዋን ሙሽራ ብዕር ሊያስጨብጧት ይገባል።