«እከክ ነው» ከተባለ በኋላ

ሕፃናትን እንዲጠብቁ የተቋቋሙ መሥሪያ ቤቶች እያወቁት አንድ ልጅ ሲሞት፣ ሕዝቡ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ጥፋቱ የማን ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛን የሙያውን ሰዎች ይበልጥ የሚያስተምረን ግን ውሳኔው በዚያ ሰዓት ለምን ትክክል እንደመሰለ መመርመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ውስጥ በ8 ዓመቷ የሞተችው የአይቮሪ ኮስት ተወላጅ ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ ታሪክ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በገላዋ ላይ 128 ጉዳቶች ተቆጥረዋል፤ የአባቷ አክስትና የሴትዮዋ ወዳጅም በግድያ ተፈርዶባቸዋል።

ከመሞቷ ሰባት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ሆስፒታል ስትገባ፣ መጀመሪያ ያዩዋት ሐኪም ሰው ያደረሰባት ጉዳት መሆኑን ጠርጥረው ነበር፤ ፖሊስም ከዚያ እንዳትወጣ አግዶ ነበር። ከፍተኛዋ ሐኪም ግን «እከክ ነው» አሉ፤ በማግስቱ ወደ ቤት ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ የመጣ ብዙ ማስረጃ በዚህ ቃል ተተረጎመ። ብዙም ሳይቆይ ፊቷና ራሷ በሙቅ ውሃ ተቃጥሎ ሌላ ሆስፒታል ስትደርስ «ማሳከኩን ለማስታገስ ራሷ አፍስሳው ነው» ተባለ። ጉዳዩን የያዙት የሶሻል ወርክ ባለሙያና ፖሊስም እከኩ እንዳይጋባባቸው ፈርተው አቅደውት የነበረውን የቤት ጉብኝት ሰረዙ። የአባቷ አክስት ፊት ቀጥ ብላ መቆሟ እንኳ በአፍሪካ-ካሪቢያን ቤተሰቦች ዘንድ ለታላቅ የሚሰጥ ክብር ተደርጎ ተወሰደ። አንገቱን የደፋ ልጅ ስናይ «ጨዋ» ብለን ለምናሞግስ ለእኛ ይህ ስህተት ሩቅ አይደለም። የሕፃናት ጥበቃ ተመራማሪዋ ኤይሊን መንሮ ከ1973 እስከ 1994 በብሪታንያ የወጡ 45 የምርመራ ሪፖርቶችን መርምረው ያገኙትም ይህንኑ ነው፦ ባለሙያዎች የመጀመሪያ ግምገማቸውን ለመከለስ ይዘገያሉ።

«ለምን?» ማለት አጥፊውን ነፃ ማውጣት ነው የሚሉ አሉ። የቪክቶሪያን ሞት የመረመረው የሎርድ ላሚንግ የ2003 ሪፖርት ግን «ለምን» ብሎ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ተጠያቂነቱ ከአለቆች ደጅ ደረሰ፤ የሶሻል ወርክ ባለሙያዋ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ከሚፈቅደው በላይ መዝገብ ተጭኖባት ነበርና። እሷን አሰናብቶ ሸክሙን እንዳለ መተው ተተኪዋን ለዚያው ስህተት ማዘጋጀት ነው። ሌሎች መፍትሔው ደንብ ማጥበቅ ነው ይላሉ። ሪፖርቱ 108 ምክረ ሐሳብ አቅርቦ ሳለ በ2007 የቪክቶሪያን ጉዳይ ይዞ በነበረው የለንደን ክፍለ ከተማ፣ በሃሪንጌይ፣ የ17 ወሩ ፒተር ኮኔሊ በባለሙያዎች ክትትል ሥር ሆኖ ሞተ። መንሮ በ2011 ባቀረቡት ግምገማም ቅጽ መሙላት ከልጁ ጋር የሚቆዩበትን ጊዜ እንደበላው አሳዩ።

ሁልጊዜ መጠራጠር ቤተሰብን ያስቀይማል የሚለው ስጋት እውነትነት አለው። እዚህ የምንጠራጠረው ግን የራሳችንን ብያኔ ነው። ስለዚህ መዝገብ በተገመገመ ቁጥር ሦስት ጥያቄ ይነሣ፦ ይህን ያልነው በምን ማስረጃ ነው? ምን ብናገኝ ሐሳባችንን እንለውጣለን? ልጁንስ ለብቻው ያነጋገረው ማን ነው? የቪክቶሪያ ባለሙያ ልጅቷን አራት ጊዜ ብታገኛትም ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ሦስተኛው ጥያቄ በሱፐርቪዥን ላይ በጊዜው ቢነሣ ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱም አብረው ይከፈቱ ነበር።