የገቢ ሰንጠረዥ ልብን ይመዝናል? ፍቅረ ንዋይን በሃይማኖት የመደልደል ልማድ ሲፈተሽ

በመድረኮቻችን ላይና በሴሚናሪ ተማሪዎች ውይይት ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ አነጋገር አለ። ሙስሊሙ ጎረቤታችን ንግዱ ሲሳካለት «ልባቸው ገንዘብ ላይ ነው» ይባላል። ኦርቶዶክሱ ገበሬ ሲቸገር «በዓል ሲያከብር ነዋ የደኸየው» ይባላል። ወንጌላዊው አማኝ ቤት ሲሠራ ግን «ጌታ ባረከው» እንላለን። በሦስቱም ላይ የተመለከትነው ገቢን ነው፤ ፍርዱ ግን እንደ ሰውየው ሃይማኖት ተለዋወጠ። ይህ ጽሑፍ የሚለው ገቢ ብቻውን የየትኛውንም ሃይማኖት ተከታዮች ፍቅረ ንዋይ አያሳይም ነው። ያሳያል ብለን ስንሰብክም በባልንጀራችን ላይ በሐሰት ወደ መመስከር እንቃረባለን።

ለዚህ አነጋገር ምሁራዊ ድጋፍ ተደርጎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጀርመናዊው ማክስ ቬበር እ.ኤ.አ. በ1904 እና በ1905 ያሳተመው የፕሮቴስታንት ሥነ ምግባርና የካፒታሊዝም መንፈስ ጥናት ነው። ቬበር ከተማሪው ከማርቲን ኦፈንባኸር በወሰደው መረጃ መሠረት፣ በባደን ግዛት ለግብር የተመዘገበው ካፒታል ለ1,000 ፕሮቴስታንቶች 954,060 ማርክ ሲሆን ለ1,000 ካቶሊኮች 589,000 ማርክ ነበር። ልዩነቱ ዓይን ይስባል። ነገር ግን ስዊድናዊው የኢኮኖሚ ታሪክ ጸሐፊ ኩርት ሳሙኤልሰን ከዚያው ምንጭ በተወሰደው የትምህርት ቤቶች ሰንጠረዥ ላይ ስሕተት አገኘ። በአንድ ዓይነት ትምህርት ቤት የፕሮቴስታንቶች ድርሻ 69፣ የካቶሊኮች 31፣ የአይሁድ 9 በመቶ ተብሎ ተጽፏል። ሲደመር 109 ይሆናል! 59 መሆን የነበረበት 69 ተብሎ ነበር። ሰንጠረዡ መስማት የምንፈልገውን ሲነግረን ደምሮ የሚያረጋግጥ እንደማይገኝ ከዚህ እንማራለን።

ለቬበር ፍትሕ ለማድረግ ግን አንድ ነገር መናገር ይገባል። እርሱ ስግብግብነትን በሃይማኖት አልደለደለም። ገንዘብን መመኘት በየዘመኑና በየአገሩ የነበረ መሆኑን አምኖ፣ የፈለገው ሥራን እንደ ጥሪ የማየትንና ራስን የመግዛትን ልማድ ነበር። ስለዚህ ቬበርን ጠቅሶ «እነዚህ ገንዘብ ይወዳሉ፣ እነዚያ አይወዱም» የሚል ሰው መጽሐፉን በሚገባ አላነበበም። ከዚህም በላይ ሳሻ ቤከርና ሉድገር ቮስማን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት የፕሩሲያን አውራጃዎች መርምረው፣ ፕሮቴስታንቶች ለነበራቸው የኢኮኖሚ ብልጫ ዋና ምክንያቱ ማንበብና መጻፍ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። ሉተር ሰው ሁሉ ቅዱሳት መጻሕፍትን እንዲያነብ ፈለገ፤ ማንበብ የቻለ ሰውም ሌላ ሥራ አገኘበት። በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የየምሥራች ድምፅ መሠረተ ትምህርት ፊደል የቈጠሩ አባቶችና እናቶች ያሉን እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ዲና ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ2012 በአርታዒነት ባሳተመችው ጴንጤቆስጤነትንና ልማትን በሚመለከት መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጋሞ ደጋ የጻፈችው ምዕራፍ ትኩረት ይገባዋል። አፕል ለገበያ መተከሉንና የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት መስፋፋትን አያይዛ ትመለከታለች። ወደ ወንጌላውያን የተቀላቀለ ገበሬ ከባሕላዊው የድግስ ግዴታ ይላቀቃል፤ ያተረፈውንም ይይዛል። የጥናቷ ብርታት ገቢን ብቻ ሳይሆን የኑሮ ለውጥን መከተሏ ነው። ለመጋቢ ግን ጥያቄው ገና አላለቀም። አንዱ ገበሬ ድግሱን የተወው ልጆቹን ለማስተማር ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ ጎረቤቱን ላለማብላት። የሁለቱ ገቢ አንድ ነው፤ ልባቸው ግን አንድ አይደለም።

በደቡብ ቆላ ከተሞች ደግሞ ችግሩ ከዚህ ይብሳል፤ እዚያ ገቢው ራሱ ምን እንደሆነ መናገር ይከብዳል። ከነገሌ ቦረና ተነሥቶ በፊልቱ በኩል ገናሌና ዳዋ ወደሚገናኙባት ዶሎ ኦዶ የሚወርድ አገልጋይ የሚያገኘውን እናስብ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከሶማሌ ክልል ነዋሪ 98 በመቶ ያህሉ ሙስሊም ነው። ስለዚህ የዚህን ሕዝብ ገቢ ከአዲስ አበባ ወንጌላውያን ገቢ ጋር የሚያነጻጽር ሰው ሃይማኖትን ከሃይማኖት አላነጻጸረም። ድርቅን ከዝናብ፣ የጠረፍ መንገድን ከአስፋልት አነጻጽሯል።

አርብቶ አደሩ ሀብቱ ግመል ነው። ሠላሳ ግመል ያለው ሰው በወሩ መጨረሻ በእጁ ጥሬ ገንዘብ ላይኖረው ይችላል፤ አንድ ክፉ ድርቅ ደግሞ መንጋውን ሁሉ ሊወስድበት ይችላል። ያም ሆኖ ሃይማኖቱ ከአምስት ግመል ጀምሮ ዘካ እንዲያወጣ ያዝዘዋል፤ ዓመት ከሞላው ጥሬ ገንዘብም ከአርባ አንዱን። በቦረና ዘንድም ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው ከብት አዋጥቶ መልሶ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት አለ። የገቢ መጠይቅ እነዚህን በየትኛው ዓምድ ያስገባቸዋል?

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 የተከፈቱት ቦቆልማዮ፣ መልካዲዳ፣ ቆቤ፣ ሂለወይንና ቡራሚኖ የስደተኞች መጠለያዎች አሉ። አንዲት እናት ከራሽን ስንዴዋ ከፍላ ስትሸጥ ያየ ሰው «የተሰጣትን ወደ ገንዘብ ለወጠች» ይል ይሆናል። እርሷ ግን የወፍጮና የማገዶ ከፍላ፣ ለልጇ ወተት ገዝታ ገብታ ይሆናል። በአንጻሩ በእነዚህ ከተሞች የምናገለግላቸው ምእመናን ብዙዎቹ ደመወዝተኞች ናቸው፤ የመንግሥት ወይም የረድኤት ድርጅት ሠራተኞች። በሰንጠረዥ ቢሰፍሩ ከአካባቢው ሕዝብ በላይ ይሆናሉ። እንግዲህ ከፍ ያለ ገቢ ፍቅረ ንዋይን የሚያሳይ ከሆነ ተከሳሾቹ እኛ ነን! ካልሆነም በሙስሊሙ ባለሱቅ ላይ የፈረድነውን እንመልስ።

ቅዱስ ቃሉ ይህን ልዩነት በጥንቃቄ ይይዛል። ሐዋርያው በ1ኛ ጢሞቴዎስ 6፡9-10 የሚያስጠነቅቀው ባለጠጋ ሊሆኑ የሚፈልጉትንና ገንዘብን የሚያፈቅሩትን ነው፤ እነዚህ ድሆችም ሊሆኑ ይችላሉ። በቁጥር 17-19 ደግሞ አስቀድሞ ባለጠጋ የሆኑትን ለይቶ ያነጋግራል፤ በሀብት እንዳይታመኑና ለጋሶች እንዲሆኑ ያዝዛቸዋል እንጂ በሀብታቸው መጠን አይፈርድባቸውም። በሉቃስ 12 ጌታ ስለ መጎምጀት ያስተማረው ርስት ተከለከልሁ ብሎ አቤት ላለ ሰው መልስ ሲሰጥ ነው። በሉቃስ 21 መበለቲቱ የተመሰገነችው በሰጠችው ሳንቲም ብዛት ሳይሆን ከሰጠች በኋላ በቀራት ነው። ይህን የትኛውም ሰንጠረዥ አይመዘግበውም።

«ታዲያ ጌታ ለባለጠጋ ወደ መንግሥቱ መግባት እንደሚጨንቅ አላስተማረም ወይ?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ አስተምሯል፤ ይህንንም ማለሳለስ አይገባንም። ነገር ግን ሀብት አደጋ ነው ማለት ሀብት ማስረጃ ነው ማለት አይደለም። ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ጎርፍ ያሰጋዋል፤ ስለዚህ ሰጥሟል አይባልም። ደግሞም ዛፍ የሚታወቀው በፍሬው ነው፤ ደመወዝ ግን ፍሬ አይደለም። ፍሬው ደመወዙ ከተቀበሉት በኋላ የሚሆነው ነው።

ስለዚህ መጋቢ መመርመር ካለበት እነዚህን ይጠይቅ። የምእመኑ ገቢ ሲጨምር ስጦታው ጨመረ ወይስ አጥሩ ብቻ ከፍ አለ? ለቤት ሠራተኛው ደመወዟን በቀኑ ይከፍላታል? በድርቅ ዓመት ጎረቤቱ እህል ሲፈልግ በስንት ሸጠለት? ሽማግሌ ስንመርጥስ የምንመለከተው ሕይወቱን ነው ወይስ የአሥራት ፖስታውን? እነዚህ ጥያቄዎች ለማንም ሃይማኖት ተከታይ እኩል ይሠራሉ፤ ለዚህም ነው ከራሳችን ቤት መጀመር ያለባቸው።

በሉቃስ 18 ፈሪሳዊው በቤተ መቅደስ ቆሞ ራሱን ከሌሎች ጋር አነጻጸረ፤ አሥራቱንም ቈጠረ። ቍጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን ሌላው ነበር። በዶሎ ኦዶ ገበያ ከሱቃቸው ደጅ የምናልፍባቸው ሰዎች ስለ እነርሱ የምንሰብከውን አንድ ቀን ይሰሙታል። ያን ጊዜ የምናፍርበት ቃል እንዳይሆን ዛሬ እንጠንቀቅ።