ሰው እያየ ለሚያትሙት

በበዓልና በውድድር ሜዳ ድንኳን ተክለው፣ ሰው ፊት ቲሸርት የሚያትሙትን ከልቤ አደንቃቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ እንደሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ሕዝብ በሚጎርፍበት ቦታ ሥራው ከዋዜማው ይጀምራል፦ ከየመጠኑ ስንት ይያዝ፣ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚስበው ማተሚያ ገመዱ ከየት ይምጣለት፣ ወረፋው በየት ይዙር።

እጃቸውን ደግሞ ተመልከቱ። እርጥበቱ እንዲወጣ ጨርቁን አስቀድመው ለጥቂት ሰከንድ ይተኩሱታል። ጽሑፉ ያረፈበትን ፊልም አስተካክለው በ150 ዲግሪ ገደማ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይጫኑታል፤ ፖሊስተር ከሆነ እንዳያር ሙቀቱን ቀነስ ያደርጋሉ።

እነሱ ባይኖሩ ከመጋዘን የመጣውን፣ ልክ ሆነም አልሆነ፣ መልበስ ነበር። የልጇን ስም በግዕዝ ፊደል ማጻፍ የምትፈልግ እናትም ባዶ እጇን ትመለስ ነበር። እነሱ ግን፣ ወረፋው እየረዘመም ቢሆን፣ «እንዴት ነው የሚጻፈው እናቴ?» ብለው ይጠይቋታል።