ራሴላስ በስልክ፣ ጣና ዳር

እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1759 ያሳተመው «ራሴላስ» የተባለው ልቦለድ የሚጀምረው አማራ ውስጥ ካለ ሸለቆ ነው፤ የልዑል ራሴላስ የጉዞ ጓደኛ ገጣሚው ኢምላክም ከዓባይ ምንጭ ብዙ ሳይርቅ የተወለደ ጎጃሜ ነው። የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍቱ ፕሮጀክት ጉተንበርግ መጽሐፉን በነፃ ስላስቀመጠው ባሕር ዳር ላይ በስልክ ይነበባል። አንዴ ከወረደ ኔትወርክ ቢጠፋም አያሳስብም (ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም)።

እኔን የሚማርከኝ ግን የቃል ፍለጋው ነው። የዓባይን እንግሊዝኛ ስም ሲጽፉለት መጽሐፉን በሙሉ በቅጽበት ይበረብራል። ጆንሰን በ1735 የተረጎመው የፖርቱጋላዊው ሚስዮናዊ የጄሮኒሞ ሎቦ የጉዞ መጽሐፍም እዚያው አለ፤ ጣና በእሱ ዘንድ የደምቢያ ሐይቅ ነው። ሎቦ ከዓባይ ፏፏቴ ጀርባ፣ በሚወርደው ውኃ ሥር ተቀምጬ ነበር ይላል። ከሎቦ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ደግሞ ውሸት ነው ብሎ ጻፈ፤ የእሱም መጽሐፍ ስካን ተደርጎ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ሁለቱን ማፋጠጥ ድሮ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ተማሪው ከክፍል መልስ ያደርገዋል፤ ፍርዱ ከከበደውም ፏፏቴው ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።