የፋይፍ ቤተ ሰብ የጀልባ ሥራና ውርሱ

በስኮትላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ፥ የክላይድ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ሰፊ ወሽመጥ ላይ ፌርሊ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። የፋይፍ ቤተ ሰብ እስከ ሦስት ትውልድ ድረስ የእንጨት ባለሸራ ጀልባዎችን ሲሠራ የኖረው በዚህች መንደር ነው። ሦስቱም ሊቃነ አናጢዎች ዊሊያም ይባላሉ፤ የፊተኛው ከ1785 እስከ 1865፥ ሁለተኛው ከ1821 እስከ 1902፥ ሦስተኛው ከ1857 እስከ 1944 ዓ.ም. ኖረዋል (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው)። ስለ እነርሱ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የጀልባዎቻቸውን ውበት የሚያመሰግን ነው። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ውርሱ ምን እንደ ሆነና ከውርሱም የትኛው ክፍል እንደ ተረፈ ለይቶ አያሳይም። በእኛ አስተያየት እንጨቱን፥ ቅርጹንና የእጅ ዕውቀቱን ለየብቻ መመርመር ያስፈልጋል።

የፊተኛው ዊሊያም የመንኰራኵር ሠሪ ልጅ ነበረ። በ1814 ዓ.ም. «ኢንዱስትሪ» የተባለችውን የእንፋሎት መርከብ ሠርቶ ሳለ በዚሁ ሥራ አልገፋበትም፤ ወደ ባለሸራ ጀልባ ተመለሰ። በዚያ ዘመን በነበረው የሙያው ልማድ፥ ሠሪው የጀልባውን ግማሽ አካል ከትንሽ እንጨት ቀርጾ፥ መጠኑን ከዚያ ላይ እየለካ ወደ ሙሉው ያሳድገው ነበር። ስለዚህ ነዳፊውና ሠሪው አንድ ሰው፥ ሐሳቡና መጥረቢያው በአንድ እጅ ውስጥ ነበሩ ለማለት ይቻላል።

በሦስተኛው ዊሊያም ጊዜ ግን ይህ አንድነት ላላ። ለሰር ቶማስ ሊፕተን የነደፋቸው ሁለቱ «ሻምሮክ» ጀልባዎች በ1899ና በ1903 ዓ.ም. ለአሜሪካ ዋንጫ ተወዳድረው ሲሸነፉ፥ ሁለቱም የተሠሩት በፌርሊ ሳይሆን በሌሎች መሥሪያ ቤቶች ነበር። በ1898 ዓ.ም. የወጣችው «ዩም»ም የተሠራችው በአየርላንድ ነው። የወረቀት ንድፍ ስሙን ከመንደሩ አልፎ እንዲሰማ አደረገለት፤ በዚያው መጠን ቅርጹን ከቤተ ሰቡ እጅ ለየው። በጀልባዎቹ አፍንጫ ላይ በወርቅ ቀለም የሚቀረጸው ዘንዶ የነዳፊውን ስም ያስታውሳል፤ ሳንቃውን ያጐበጡትን ሠራተኞች ስም ግን አይነግረንም።

የዚህችው «ዩም» ኋላ ታሪክ ጥያቄውን ግልጽ ያደርገዋል። ጀልባዋ በ1938 ዓ.ም. በፈረንሳዊው የታባርሊ ቤተ ሰብ እጅ ገባች፤ «ፔን ዱዊክ»ም ተባለች። እንጨቷ በበሰበሰ ጊዜ ልጅየው ኤሪክ ታባርሊ በ1958 ዓ.ም. አሮጌውን አካል እንደ ቅርጽ ማውጫ አድርጎ በላዩ አዲስ የፖሊስተር አካል ሠራላት። እንጨቱ ጠፋ፤ ቅርጹ ቀረ። ይህም ሆኖ የፋይፍ ልጅነቷን የካደ የለም፤ ታባርሊ በ1998 ዓ.ም. ከእርስዋ ላይ ወደ ባሕር ወድቆ የሞተው፥ በስኮትላንድ ወደሚደረገው የፋይፍ ጀልባዎች ስብሰባ ሲጓዝ ነበር። እንግዲህ ባለቤቶቹና ወዳጆቹ ዝምድናን የሚቈጥሩት በቅርጽ ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ቅርጽ ብቻውን ውርስ ነው ቢባል ፍርዱ ጐደሎ ይሆናል። ባለ 15 ሜትር ከሚባለው የእሽቅድምድም ክፍል እስከ ዛሬ የተረፉት አራቱ ጀልባዎች፥ «ማሪስካ»፥ «ቱይጋ»፥ «ሂስፓኒያ»ና «ሌዲ አን»፥ ሁሉም የሦስተኛው ዊሊያም ንድፎች ናቸው። ዳግመኛ በባሕር ላይ የቆሙት ንድፋቸው ስለ ተገኘ ብቻ አይደለም። በ1931 ዓ.ም. የተሠራችው «አልታይር» ከ1985 እስከ 1987 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ስትታደስ፥ አናጢዎቹ የቀድሞውን አሠራር ከጀልባዋ ከራስዋ መማር ነበረባቸው፤ ሳንቃው እንዴት እንደ ተጋጠመ፥ ችንካሩ የት እንደ ገባ ወረቀቱ ሁሉን አይናገርምና። የተሠራው ዕቃ ለተተኪው መምህር ሆነ።

ሦስተኛው ዊሊያም ልጅ ሳይወልድ ሞተ፤ በፌርሊም ዛሬ የፋይፍ መሥሪያ የለም። የመንደሪቱን ስም ይዞ ጀልባዎቹን ሲያድስ የነበረው ድርጅት እንኳ የተቋቋመው በእንግሊዝ ደቡብ ነው። ስለዚህ የሥጋ ዝምድናና ስፍራ ሲቋረጡ ሙያው በሌሎች እጅ ቀጠለ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለባሕል ተመራማሪ ከባድ ነው፤ ዕቃውን በሙዚየም፥ ንድፉን በመዝገብ ቤት ማኖር ይገባል፤ ነገር ግን ዕቃው በሚታደስበት ጊዜ የአዳሹን እጅ ተከትሎ ያልጻፈ ሰው፥ ከውርሱ ይበልጥ ጠፊ የሆነውን ክፍል ሳይመዘግብ ቀርቷል።