«ቡናማ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ስለ አፈር ቀለሞችና ስለ ሥዕል ሂስ

ስለ ሥዕል በሚጻፉ ሂሶች ውስጥ «ቡናማ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሠዓሊውን ስሜት ለመግለጽ ያገለግላል። ሐያሲው ጠቆር ያለ ቡናማ ባየበት ሸራ ሁሉ ኀዘንን፥ ምስጢርን ወይም ጥልቅ አሳብን ያነባል። እኛ ግን ከዚህ ፍርድ በፊት አንድ ጥያቄ መቅደም አለበት እንላለን፤ ይህ ቡናማ የመጣው ከምንድን ነው?

ቃሉ ራሱ ከቡና የተገኘ ነውና ቡና በምጣድ ላይ ሲቆላ የሚያሳየውን ለውጥ እናስታውስ። አፈርም እንዲሁ በእሳት ይለወጣል። ቢጫ ኦከር ቀለሙን የሚያገኘው ጎታይት ከሚባል፥ ውሃ በውስጡ ካለበት የብረት ማዕድን ነው። ሲቃጠል ውሃውን ያጣና ሄማታይት ይሆናል፤ መልኩም ወደ ቀይ ይዞራል። በኢጣልያዋ ከተማ በሲዬና ስም የሚጠራው አፈር ጥሬው ቢጫ ያዘለ ቡናማ ሲሆን፥ የተቃጠለው ሞቅ ያለ ቀይ ቡናማ ነው። ኡምበር ደግሞ ከሲዬና የበለጠ ማንጋኒዝ ስላለበት ይጠቁራል፤ ከዚህም ዓይነት የቆጵሮሱ የታወቀ ነው። ማንጋኒዙ የዘይት ቀለምን ቶሎ ስለሚያደርቅ ሠዓሊዎች ኡምበርን ለመጀመሪያው ቅብ መርጠውታል።

እነዚህን የማዕድን ቀለሞች ብርሃን አያደበዝዛቸውም። የካስል አፈር የሚባለው ግን፥ ስሙ አፈር ይሁን እንጂ፥ ከበሰበሱ ዕፅዋት የተገኘ የቡናማ ከሰል ዓይነት ስለ ሆነ በብርሃን ብዛት ይደበዝዛል። ስለዚህ በአንድ ቀን የተቀቡና ወንድማማች የሚመስሉ ሁለት ቡናማዎች ከብዙ ዘመን በኋላ ላይመሳሰሉ ይችላሉ።

ሦስተኛም ቡናማ አለ፤ ይኸውም ሠዓሊው ያልቀባው ነው። ሬምብራንት በ1642 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) የሣለውና በአምስተርዳም በራይክስ ሙዚየም የሚታየው «የሌሊት ዘብ» ለዚህ ምስክር ነው። ሥዕሉ የካፒቴን ፍራንስ ባኒንክ ኮክን የከተማ ዘበኞች በቀን ብርሃን ሲወጡ ያሳያል። የሌሊት ስም የወጣለት በ18ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ቫርኒሹ ጠቁሮ፥ ቆሻሻም ተከማችቶ ቀኑን ሌሊት አስመስሎት ነበር። በ1940ዎቹ ዓመታት የጠቆረው ቫርኒሽ ሲነሣ ብርሃኑ ተገለጠ፤ የተሳሳተው ስም ግን እስከ ዛሬ አልተነሣም።

ይህን ስንል ሬምብራንት ጥላን አይወድም ነበር ማለታችን አይደለም። የዚሁ ሥዕል መደብ እንኳ ከሸክላ አፈርና ከኳርትዝ የተዘጋጀ ቡናማ ነው። የምንለው፥ በአንድ ሸራ ላይ የሠዓሊው ቡናማና የዘመኑ ቡናማ ተደራርበው ይገኛሉ፤ ሁለቱን ሳይለይ የሚያደንቅ ሐያሲ የቫርኒሽን እርጅና ለሰው ጥበብ ሊቈጥር ይችላል ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአብያተ ክርስቲያናታችን ያሉት የቆዩ ሥዕሎች የጧፍና የዕጣን ጢስ ሲደርስባቸው ኖረዋል። በእነርሱ ላይ የሚታየውን ጥቁረት የሠዓሊው ፈቃድ ነው ብሎ መጻፍ ሠዓሊውን ያላደረገውን አደረገ ማለት ነው።

ቋንቋችን ፈረሱን ዳማና ቡላ፥ ሰውንም ጠይም ብሎ ይለያል፤ ስለዚህ የቃል ድኽነት ምክንያት ሊሆነን አይችልም። የሚጐድለን ጥያቄው ነው። ሐያሲ «ቡናማ» ብሎ ከመጻፉ በፊት አፈር ነው፥ ከሰል ነው፥ ወይስ ጢስ ብሎ ይጠይቅ።