ጋሻን የሚዞር ሰይፍ

ልብ ወለድ፣ ተውኔትና ሥዕል በሚተቹበት ገጽ ላይ የቪድዮ ጨዋታ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ ከዚያው ወገን ነበርኩ። በፒያሳና በአራዳ ሠፈሮች «ጌም ቤት» ሲባል ትዝ የሚለን አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና በፕሌይስቴሽን ኳስ የሚጋጠሙ ወጣቶች ናቸው። የተሸነፈው ከፍሎ ይነሣል፤ ተረኛው ይቀመጣል። ከጣት በቀር የሚሠራ አካል የለም። የሚደክም ነገር ካለ አፍ ነው።

ባለፈው ክረምት ግን ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ከሚኖር አንድ ወዳጄ ቤት ሄጄ ቆሜ ተጫወትኩ። ሰነዘርኩ፤ መከትኩ፤ ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ በማግስቱም ትከሻዬን በቅባት አሸሁ። ወዳጄ ወንድሙ ከውጭ አገር ያመጣለትን ኒንቴንዶ ስዊች ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ፣ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው ገፍቶ፣ «እንግዲህ ጐራዴህን ምዘዝ» አለኝ። ጐራዴ ያለው ከመዳፍ የማይበልጥ የፕላስቲክ እጀታ ነበር።

ጨዋታው «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ስካይዋርድ ሶርድ» ይባላል። የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 «ዊ» ለተባለው መሣሪያው አወጣው፤ በ2021 ደግሞ ሥዕሉን አጥርቶ ለስዊች አቀረበው። የሥራው ዳይሬክተር ሂዴማሮ ፉጂባያሺ ነው። ባለሙያዎች ዘውጉን ሲመድቡ፣ ከፊሉ ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ ከሚጓዝባቸው ጨዋታዎች ይቈጥሩታል፤ የሚበዙት ግን የጀብዱ ጨዋታ ይሉታል። ታሪኩ ተረት ነው። በሰማይ ላይ በሚንሳፈፍ ደሴት የሚኖር ሊንክ የተባለ ጐረምሳ፣ ከደመናው በታች የወደቀችውን አብሮ አደጉን ዜልዳን ፍለጋ ወደ ምድር ይወርዳል። መንፈስ ያደረበት ሰይፍ ይይዛል፤ ሰይፉም በሦስት ቅዱስ ነበልባሎች እየተሳለ ኃይሉ ይጨምራል። ሰይፍ የመዘዘ መልአክ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እያየን ላደግን ሰዎች ይህ ሁሉ እንግዳ አይሆንብንም። እንግዳው ነገር ያለው ክንዱ ላይ ነው።

በሌሎች ጨዋታዎች ጐራዴ ማለት ቁልፍ ማለት ነው። ቁልፉ ሲጫኑት በሥዕሉ ላይ ያለው ሰው በለመደው መንገድ ይሰነዝራል። እዚህ ግን በእጀታው ውስጥ ሁለት ጥቃቅን መለኪያዎች አሉ። አንደኛው የእጅን የፍጥነት ለውጥና የምድርን ስበት ይለካል። ሁለተኛው እጀታው ወደየት አቅጣጫ በምን ፍጥነት እንደሚዞር ይለካል። ዊ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ በእጀታው ውስጥ ፊተኛው ብቻ ስለ ነበር፣ እጅ መወዛወዙን እንጂ አዟዟሩን በትክክል አያውቅም ነበር። ሁለተኛው መለኪያ በ2009 በተጨማሪ ዕቃነት መጣ፤ «ስካይዋርድ ሶርድ»ም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ተሠራ። ስለዚህ ተጫዋቹ ከላይ ወደ ታች፣ ከጐን ወደ ጐን ወይም በሰያፍ ቢቈርጥ፣ ወደ ፊትም ቢወጋ፣ ጠላቱን የሚያገኘው ያው ራሱ የሰነዘረው ምት ነው።

የጨዋታው ታላቅነት ይህን ዕድል ለትርዒት አለማዋሉ ነው። እያንዳንዱ ጠላት ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ሥጋ በል የሆነ አንድ ተክል አፉን አንዴ በቁመት፣ አንዴ በአግድም ይከፍታል፤ ሰይፉ በአፉ ልክ ካልሄደ አይቈርጠውም። ቆንጨራ የያዘው ጭራቅ በአንድ ጐኑ ከተከላከለ ሌላው ጐኑ ክፍት ነው። በአንድ በር ላይ ያለች ዐይን ደግሞ የሰይፉን ጫፍ እየተከተለች ትንከራተታለች፤ ጫፉን ደጋግመው ሲያዞሩባት ራሷን ያዞራትና በሩ ይከፈታል። ዝም ብሎ መወዝወዝ የትም አያደርስም። የመጀመሪያዋን ሰዓት በውርደት ያሳለፍኩትም ስወዘውዝ ነው።

ጊራሂም ከተባለው ባላንጣ ጋር ሲገናኙ ነገሩ ይከርራል። ይህ ሰው የተሰነዘረበትን ሰይፍ በሁለት ጣቱ ቀብ አድርጐ ይይዘዋል፤ ሲፈልግም ነጥቆ መልሶ ይወረውረዋል። እጁ ሰይፉ ያለበትን ጐን እየተከተለ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ ከወደቅሁ በኋላ ወዳጄ ሳቀና «አንተ የአራዳ ልጅ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰይፉን በቀኝ በኩል ይዤ ቆየሁ። የጊራሂም እጅ ወደዚያው መጣ። በድንገት ወደ ግራ አዙሬ ሰነዘርኩ፤ አገኘሁትም። በአንድ በኩል አሳይቶ በሌላ በኩል መምጣት በዚህች ከተማ ከአውቶቡስ ሰልፍ እስከ ገበያ ድርድር ስናየው የኖርነው ጥበብ ነው። በገዛ ክንዴ ስሠራው ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። በሰይፉ ያደረችው መንፈስ፣ ስሟ ፋይ ነው፣ ተጫዋቹ በዐይኑ ያየውን ነገር ደግማ ትነግረዋለች። በ2021ዱ እትም ንግግሯ ተቀንሷል፤ ቢሆንም ሕፃን የሚያዩ ሞግዚት መምሰሏ አልቀረም። መለኪያውም ይስታል። አዟዟርን እየደመረ አቅጣጫን የሚገምት መሣሪያ ትንንሽ ስሕተቶችንም አብሮ ይደምራል። ስለዚህ ቀጥ አድርገው የያዙት ሰይፍ ከቆይታ በኋላ ወደ ጐን አዘንብሎ ይገኛል፤ በየመሐሉ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ማቅናት ግድ ነው። በጦር ሜዳ ቆሞ መነጽር እንደ መወልወል ያለ ነገር ነው።

በሦስተኛው ምሽት መብራት ሄደ። ስዊች የራሱ ባትሪና የራሱ ትንሽ ስክሪን ስላለው፣ እጀታዎቹን በግራና በቀኙ ሰክተን ቀጠልን። እንዲህ ሲሆን ጨዋታው ክንድ አይቀበልም። ሰይፉ የሚሰነዘረው በአውራ ጣት ትንሿን ዘንግ ወደ ተፈለገው አቅጣጫ በመግፋት ነው። ጊራሂምን እንደገና ገጠምኩትና በመጀመሪያው ሙከራ ጣልኩት። ድሉ ግን አልጣመኝም። ምክንያቱን ሳስበው፣ አውራ ጣት ከቀኝ ወደ ግራ ለመሄድ የሚከፍለው ዋጋ የለም። ክንድ ግን ትከሻን፣ ወገብንና ጊዜን ይጠይቃል፤ ሐሳቡን ለውጦ ለመመለስም ይዘገያል። በቀኝ አሳይቶ በግራ መምጣት ማታለል የሚሆነው ዋጋ ስላለው ነው። በጣት ሲሆን ትክክለኛውን መልስ መምረጥ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ አንድ ጨዋታ፣ አንድ ታሪክ፣ አንድ ጠላት ሆኖ ሳለ፣ በክንድና በጣት መካከል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

መብራቱ ሲመለስ የወዳጄ አባት ከመኝታ ክፍላቸው ወጡ። በሠፈሩ ሠርግ ሲፎክሩ የሚታወቁ ሽማግሌ ናቸው።

«ምንድን ነው በሌሊት የሚያታግላችሁ?»

«ሰይፍ ነው፣ አባዬ። እስቲ ይሞክሩት» አላቸው ልጃቸው።

«ጋሻውስ?»

የግራውን እጀታ ሰጠናቸው። ወደ ፊት ሲገፉት በስክሪኑ ላይ ጋሻ ተነሣ፤ ደስ አላቸው። ከፊታቸው ቆንጨራውን አግድሞ የቆመ ጭራቅ ነበር። ሽማግሌው ክንዳቸውን ከፍ አድርገው፣ የእጃቸውን አንጓ ወደ ውስጥ ቈልምመው፣ ከላይ እንደ ቅስት ወርደው ከመከላከያው ጀርባ ሊገቡ ሞከሩ። መሣሪያው «ከላይ ወደ ታች» ብሎ አነበበውና ጭራቁ መከተ። ደገሙት፤ ያው ሆነ። እጀታውን መልሰው ሰጡኝና «ይኼ ሾተል አያውቅም፣ ልጄ» ብለው ወደ መኝታቸው ተመለሱ።

እኒህ አባት በሾተል ተዋግተው አያውቁም። ያንን የእጅ አዟዟር የወረሱት ከአባታቸው ፉከራ ነው። ቢሆንም ከእኔ ትችት የእሳቸው ይበልጣል። ሾተል እንደ ማጭድ የጐበጠ፣ በሁለት ወገን ስለት ያለው ሰይፍ ነው። የጐበጠውም ጋሻን ለመዞር ነው ይባላል። ከወፍራም ቆዳ የተሠራን ክብ ጋሻ ፊት ለፊት መብሳት ስለሚያስቸግር፣ ጫፉ በጋሻው ጠርዝ ዞሮ ከኋላው ያለውን ሰው ይፈልጋል። በኋላ ዘመን በብዛት የታጠቅነው፣ ብረቱ ከአውሮፓ ይመጣ የነበረው ጐራዴ ይህ ጠባይ የለውም። «ስካይዋርድ ሶርድ» የሚያውቃቸው ስምንት የመቊረጫ አቅጣጫዎችና አንድ ውጊያ ሁሉ የቀጥተኛ ሰይፍ መንገዶች ናቸው። ለዞሮ መግባት ቦታ የለውም።

ከዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በዚያው በ2011፣ በዚያችው ጃፓን፣ ፍሮም ሶፍትዌር የተባለ ሌላ ኩባንያ «ዳርክ ሶልስ» የተባለ ጨዋታ አወጣ። ከጦር መሣሪያዎቹ አንዱ ስሙ ሳይለወጥ «ሾተል» ነው፤ ጋሻን አልፎ እንዲጐዳም ተደርጐ ተሠርቷል። በ2022 የወጣው «ኤልደን ሪንግ»ም ሾተል አለው። ቃላችን እንግዲህ በሩቅ አገር ወጣቶች አፍ ይጠራል። ነገር ግን እዚያ ሾተል የሚሰነዘረው በቁልፍ ነው። አንዱ ቤት ክንዱን አውቆ ሾተሉን አላወቀም፤ ሌላው ቤት ሾተሉን አውቆ ክንዱን አላወቀም። ኒንቴንዶም ራሱ በ2017 ባወጣው «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» በተባለው የዜልዳ ጨዋታ ሰይፉን ወደ ቁልፍ መልሶታል።

ሾተል የመግደያ መሣሪያ ነው፣ በቤተ መዘክር ይረፍ የሚል ሰው ይኖራል። ብረቱ ይረፍ፤ እኔም እስማማለሁ። የእጁ አዟዟር ግን የሚቀመጥበት የመስታወት ሣጥን የለም። ለብዙ ዓመታት የካቲት 23 ቀን በምኒልክ አደባባይ፣ በ1923 ዓ.ም. በቆመው ሐውልት ሥር፣ ጋሻና ጐራዴ የያዙ አረጋውያን ሲፎክሩ አይተናል። በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በዚሁ በፒያሳ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ዶሮ ማነቂያና ሌሎችም የፒያሳ ነባር ሠፈሮች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቻቸውም ወደየአቅጣጫው ተበተኑ። ድሉ በድንጋይ ተጽፏል፤ ይገባዋልም። ፉከራ ግን የሚኖረው በሠርግ ድንኳን፣ በጐረቤትና በግቢ ነው። ጐረቤት ሲበተን የክንዱን ዕውቀት ማን ከማን ይማራል?

አዲስ አበባ ጨዋታ ሠሪ አላጣችም። ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን ለእጅ ስልክ ሠርቷል። የኒንቴንዶ እጀታ ውስጥ ያሉት መለኪያዎችም በብዙ ወጣቶች ኪስ ባለው ስልክ ውስጥ ይገኛሉ። ሾተልን በክንድ የሚያጫውት ሥራ ለማሰብ የቸገረን መሣሪያ አይደለም። የቸገረን፣ ፉከራ የሚያውቁ ሽማግሌዎች እጅ እንዴት እንደሚዞር ቀርቦ፣ ጠይቆ፣ ቀርጾ የሚያስቀምጥ ሰው ነው፤ ይህ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም።

«ስካይዋርድ ሶርድ»ን ያገኘ ሰው ይጫወተው፤ በጣት ሳይሆን በክንድ፣ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፍቶ። ጨዋታ ክንድን ምን ያህል ሊያስተምር እንደሚችል ያሳየዋል። በቤቱ ሽማግሌ ካሉ ደግሞ እጀታውን ያቀብላቸውና ከስክሪኑ ይልቅ ክንዳቸውን ይመልከት።